የቀፎው ዛፍ ላይ የወጣሁት እኔ ነበርኩ

የማኅበር እኅቶቼ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ፤ የዛሬ አምስት ዓመት ከቡሬ በላይ ያለውን ጫካ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ደን ከሚጠብቁና ሰደድ እሳት ከሚያጠፉ ወጣቶች ጋር ተመዘገብኩ። ጸሐፊው «እሳት የሚቃኘው ዛፍ ላይ ተወጥቶ ነው፤ ይችላሉ?» አለኝ።

«እችላለሁ» አልኩት።

የተሰለፉት ጎረምሶች ሳቁ። «ኧረ እታለም! ሴት ደግሞ የት ወጥታ ታውቃለች?» አለ አንዱ። እሱ ራሱ አጥር የሚዘል እንኳ አይመስልም።

ያኔም ያዳነኝ ይኸው «ሴት ዛፍ አትወጣም» ማለታቸው ነው። ባሌ በሞተ በዓመቱ የሰቀለውን ቀፎ ላወርድ ብቻዬን ወጣሁ። ንቡ ሲነድፈኝ የማጨስበት ጭራሮ ከእጄ ወድቆ ደረቁን ሣር አነደደው።

ቀፎ ማውረድ የወንድ ሥራ ነውና እኔን የጠረጠረ የለም። ጎረቤቴን አያ ደሴን ግን፣ ማር ቆራጭ ስለሆነ ብቻ፣ «አንተ ነህ» አሉት። አገሩን ለቆ ሽንዲ ገባ። እኔ ዝም አልኩ።

ዛሬም ሲስቁ ዝም ብዬ ፈረምኩ። ሰኞ ወደ ጫካው እንወጣለን። ከተመለስኩ ጀምሮ ግን ብቀመጥም ብነሣም አላስችል አለኝ።

የማኅበር እኅቶቼ፣ በእናንተ ጥፋት ሌላ ሰው የተወቀሰ እንደሆነ ጻፉልኝ። ከእናንተ አስቀድሞ ግን ይህ ወረቀት ነገ ሽንዲ በሚወርድ ነጋዴ እጅ ለአያ ደሴ ይደርሳል።