አካለ ወልድ ያጠበው ቁስል

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አካለ ወልድን የሚጠላ ሰው ፈልጋችሁ ብትመጡ እኔን ታገኛላችሁ፤ ሁለተኛ ሰው ለማግኘት ግን ትቸገራላችሁ። ከተማው ይወደዋል። ልቅሶ ቤት ሲገባ ቦታ ይለቀቅለታል፣ ሠርግ ቤት ከፍ ያለው መቀመጫ የእሱ ነው፣ እናቶች ልጆቻቸውን እንዲመርቅላቸው ይለምኑታል። እኔ ሱሩር እባላለሁ፤ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ሱቄ በረንዳ ላይ ዓባይ የሚባል አንድ እግር ብቻ ያለው ልብስ ሰፊ ተቀምጦ ይሠራል። ይህን የምጽፈው በእሱ እግር የተነሣ ነው። አካለ ወልድን መንገድ ላይ ሳገኘው ለሽበቱ ስል አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን አንቱታዬን አላባክንም።

የተወለደው ከከተማው ወጣ ካለ ገጠር ነው። ትንሽ የቄስ ትምህርት ቀመሰና አዲስ አበባ ሄዶ ድሬሰርነት ተማረ፣ ነጭ ካፖርት ለብሶም ተመለሰ። ከተማው ዳር የነበረ፣ ወጣቶችን ለመምህርነት የሚያሠለጥን አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ቀጠረው። ሥራውን ያውቃል፣ ይህን አልክድም። እጁ ቀላል ነው፤ መርፌ ሲወጋ አያሳምምም። ስለ ሰው ክፉ አይናገርም፣ ክፉ ሲነገርም መስማት አይወድም። «አይ፣ እሱስ ደህና ሰው ነው» የዘወትር ቃሉ ናት። ውሻ ነክሷችሁ ብትሄዱ፣ ቁስሉን እያጠበ የውሻው ባለቤት ደህና ሰው መሆኑን ይነግራችኋል። ሰው ይህን ትሕትና ይለዋል። እኔ ፍርሃት እለዋለሁ።

እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ አገራችን ሽማግሌ ያደርገዋል። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወሰን ሲገፋ፣ ደም ሲፈስ አካለ ወልድ ይጠራል። ጋቢውን ያስተካክላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እንባውንም ሲፈልግ ያመጣዋል። ማን በደለ ማን ተበደለ የሚለው ጥያቄ አይጥመውም። «ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ አጥፍታችኋል» ይልና ከበዳዩ ጥፋት ቆርሶ ለተበዳዩ ያካፍለዋል። ከዚያ መሳሳም ነው፤ ከዚያ ምሳ ነው።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሙላት የሚባል የስፖርት መምህር ነበር። በየዓመቱ ከውድድር ዋንጫ ይዞ ይመለስ ስለነበር ዲሬክተሩ እንደ ዓይኑ ብሌን ያየው ነበር። ዋንጫዎቹ ዲሬክተሩ ቢሮ ተደርድረው ይወለወላሉ፤ የእንግዳ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። ዋንጫው በምን እንደሚመጣ ግቢው በሙሉ ያውቃል። ሙላት ሯጮቹን የሚያሠለጥነው በአኮርባጅ ነበር። ወደኋላ የቀረውን ሸሚዙን አስወልቆ ይገርፈዋል፤ የተናገረውን ኳስ ማስቀመጫው ክፍል ቆልፎበት ያለ እራት ያሳድረዋል። እነዚህ ጢም ያበቀሉ፣ ነገ መምህር ሊሆኑ የመጡ የገበሬ ልጆች ናቸው። ጩኸቱ ሲሰማ መምህራኑ የክፍላቸውን መስኮት ይዘጋሉ፣ ወጥ ቤቶቹ ድስት ያንኳኳሉ፣ ዘበኛው ወደ በሩ ዞሮ ይቆማል። ሁሉም ጆሮ ነበረው። ጀርባቸውን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ያጠበው ግን አካለ ወልድ ነው።

እያጠበ ምን ይላቸው እንደነበር ዓባይ ነግሮኛል። «ጠንክረህ ብትሮጥ ኖሮ ይመታህ ነበር?» ይላቸዋል። አዮዲኑን እየቀባ ደግሞ «ቻለው ልጄ፤ ተመርቀህ ስትወጣ ትረሳዋለህ። እሱስ ደህና ሰው ነው፣ ቁጣው ነው እንጂ» ይላል። ከዚያ በንጹሕ ፋሻ አስሮ ወደዚያው ሜዳ ይመልሳቸዋል።

ዓባይ የመርጡለ ማርያም አገር ሰው ነው፤ ባሏ የሞተባት የወለተ ሥላሴ አንድ ልጅ። ሲሮጥ አይደክመውም ይባል ነበር። አንድ ጊዜ ግን ጉልበቱ ዞረበትና አነከሰ። ሙላት አስመሳይ ነው ብሎ ጀርባውን ተለተለው። በገና ዕረፍት አገሩ ሲገባ እናቱ ለሰውነቱ ውኃ አሙቃ ሸሚዙን አውልቅ አለችው። እምቢ አላት። በግድ አስወለቀችውና ጀርባውን አየች። ዕረፍቱ ሳያልቅ ነጠላዋን አጣፍታ ልጇን ይዛ ደብረ ማርቆስ መጣች፤ አውራጃ ፍርድ ቤትም ክስ አቀረበች። ምስክር አምጪ ተባለች። ጓደኞቹ መባረርን ፈሩ፣ መምህራኑ አላየንም አሉ። ያን ጊዜ ዓባይ «ድሬሰሩ ያውቃል፤ ያጠበኝ እሱ ነው» አላት።

ወለተ ሥላሴ አካለ ወልድ ቤት ሄደች። ሚስቱ ወይዘሮ ጥሩነሽ በርጩማ አቀረበችላት። አልቀመጥም አለች።

«ጌታው፣ የልጄን ጀርባ አይተውታል። ያዩትን ለዳኛው ይንገሩልኝ፤ ሌላ የምለምንዎ የለም።»

አካለ ወልድ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «እመት፣ ክስ ምን ያደርግልዎታል? ቢረቱ ልጅዎ ይባረራል፣ ባይረቱ ቂም ነው። እኔ እያለሁ ለምን ፍርድ ቤት ይንከራተታሉ? ሽማግሌ ሆኜ መምህሩን እግርዎ ላይ አስወድቀዋለሁ።»

እዚህ ላይ የአገራችንን ልማድ ልብ በሉልኝ። በአንድ ነገር ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠ ሰው በዚያ ነገር ምስክር አይሆንም። ሽማግሌ ፊት የተባለውም የታየውም እዚያው ይቀበራል፤ ባይሆን ኖሮ ማንም ሽማግሌ ፊት አፉን አይከፍትም ነበር። ዳኞችም ይህን ያከብራሉ። አካለ ወልድ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ሥራ የኖረ ነው፤ አላወቀም አትበሉኝ። በአንድ አፍ ምስክርነቱን ከሴትዮዋ ነጥቆ ሽምግልናውን መረቀላት፤ እሷም ደግ ሰው አገኘሁ ብላ እጁን ሳመች። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ያም ሆኖ አድራ ስታስበው እርቁን አልፈልግም ብላ ነበር። አካለ ወልድና ያስከተላቸው ሽማግሌዎች ግን ጎሕ ሲቀድ ካረፈችበት ቤት ደጅ ቆሙና «በማርቆስ ይዘንሻል» አሏት። ለሰው አገር ሰው፣ ያውም ባል ለሌላት፣ ሽማግሌ መመለስ ቀላል አይደለም። እሺ አለች። ሙላት እንደ ደንቡ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ መጣና ፊቷ ተደፋ። ድንጋዩን እኔ አላየሁትም፤ ዓባይ እንደሚለው ግን ከጉልቻ አይበልጥም። ዓባይንም ከገራፊው ጋር አሳሳሙት። እሱ ራሱ ይቅር ማለት አለማለቱን ማንም አልጠየቀውም። ክሱ ተነሣ፣ እናቲቱ አገሯ ተመለሰች፣ ልጁም ወደ ሜዳው ተመለሰ።

ሙላት አሁን የሚፈራው ነገር አልነበረውም። ውድድሩ ሲቃረብ ዓባይን ባበጠ ጉልበቱ አስሮጠው፤ ሲወድቅበትም ያንኑ ጉልበት በአኮርባጁ እጀታ ደጋግሞ መታው። ቁስሉ አመረቀዘ። ሆስፒታሉ እዚሁ ከተማው ውስጥ ነው፤ በቃሬዛ ለመውሰድ እንኳ ሩቅ አይደለም። ሆስፒታል ግን ሐኪም አለ፣ ሐኪም ደግሞ ይጠይቃል። ስለዚህ አካለ ወልድ ያጥባል፣ ይቀባል፣ ፔኒሲሊን ይወጋል፣ «ይሻልሃል» ይላል። እግሩ መሽተት ሲጀምርም መስኮት ከፈተና «ይሻልሃል» አለው። በመጨረሻ የመኝታ ክፍል ጓደኞቹ ከእነፍራሹ ተሸክመው ሆስፒታል አስገቡት። ሐኪሙ ከጉልበቱ በላይ ቆረጠው። ቀደም ብላችሁ ብታመጡት ኖሮ እግሩ ይተርፍ ነበር አለ።

ክሱ እንደገና ተከፈተ። አካለ ወልድ መጥሪያ ደረሰውና ዳኛው ፊት ቀረበ። «ጌታዬ፣ እኔ በእነዚህ ሰዎች ነገር ሽማግሌ ነበርኩ። ይህም የዚያው ጠብ ቅጥያ ነው። ምን አፍ አለኝ?» አለ። ዳኛው ራሱን ነቅንቆ አሰናበተው። ሌላ አፍ የከፈተ ስላልነበረ ሙላት ማስረጃ አልተገኘበትም ተብሎ ነጻ ወጣ። ለስሙ ሲባል ደጀን አካባቢ ወዳለ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረ። የመሸኛ በግ ታርዶለታል። የመረቀው ማን ይመስላችኋል?

ወለተ ሥላሴ ከፍርድ ቤቱ ስትወጣ አካለ ወልድ ደጅ ላይ ጠብቆ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ሊላት እጁን ዘረጋ። እጁን አልያዘችም። «እሱስ ተቆጥቶ ነው የመታው። እርስዎ ተረጋግተው፣ ቁስሉን በጣትዎ እየዳሰሱ ነው ልጄን የመለሱለት» አለችው። ይህን አካለ ወልድ ራሱ ነው ለሰው የሚያወራው፤ ሐዘን የሰውን አእምሮ እንዴት እንደሚያናጋ ምሳሌ እያደረገ።

ዓባይ ትምህርቱን ተወና ስፌት ተማረ። መኪናው በእጅ የሚዞር ነው፤ በረንዳውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። አካለ ወልድ በደጃችን ሲያልፍ ባርኔጣውን ያነሣል። ዓባይ ከስፌቱ ቀና አይልም። እንዲህ ሆነው ዓመታት አለፉ።

ዘንድሮ አካለ ወልድ ከወይዘሮ ጥሩነሽ ጋር ሊቆርብ አሰበ። የነፍስ አባቱ ግን መጀመሪያ ከበደልከው ሰው ጋር ታረቅ አሉት። እሱ ከሽምግልና ሌላ ምን ያውቃል? ሽማግሌ ላከ። በረንዳው የእኔ ስለሆነ እኔንም ጨመሩኝ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ተዘግቶ፣ ሽማግሌዎቹ በረንዳዬ ላይ ተደርድረው፣ አካለ ወልድ መሐላቸው ተቀመጠ። ዓባይ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሰማቸው፤ ምርቃቱንም ልመናውንም አላቋረጠም።

ሲጨርሱ «እሺ፣ ይቅር እላለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹ «ተባረክ!» ብለው ሊነሡ ሲሉ እጁን አነሣ። «አንድ ነገር ግን አለኝ። መምህር ሙላት ዛሬም ያሠለጥናል። አኮርባጁም አልተለየውም ይላሉ። አባባ፣ ያዩትን አሁን እነዚህ ሰዎች ፊት ይናገሩ፤ ነገ ደግሞ አብረን ሄደን ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይናገሩ። ያን ጊዜ እግርዎን እስማለሁ።»

አካለ ወልድ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ልጄ… እግርህን ታመህ ነበር።»

«አልታመምኩም።»

«ቁስል ነበረ፣ አዎ።»

«ማን አቆሰለኝ?»

እኔ በአላህ፣ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ስም መጥራት ብቻ ነው። አንድ ቃል ነው፣ ያውም ሁላችንም የምናውቀው። አካለ ወልድ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ያለፈ ነገር ለምን ይቆፈራል? ሰውየው ልጆች አሉት፤ በስተርጅናዬ ሰውን እንጀራ ላሳጣ?» አለ።

«የሚገረፉትም ልጆች ናቸው» አለ ዓባይ።

አካለ ወልድ ተነሣ። ሽማግሌዎቹም አብረው ተነሡ፤ የተቆጡት ግን በዓባይ ነው። «ሽማግሌ ታሳፍራለህ?» አሉት። እኔ «ያፈራችሁት በማን ነው? አፍ ባለው ሰውዬ ነው ወይስ እግር በሌለው?» ብያቸው ከዚያን ቀን ጀምሮ አንነጋገርም። ከመካከላቸው ሁለቱ ለፋሲካ የሚያሰፉትን ልብስ ወደ ሌላ ሰፊ ወሰዱ።

በማግስቱ ዓባይ መኪናውን ሸፈነና ብቻውን ወደ ደጀን አውቶቡስ ተሳፈረ። ትምህርት ቤቱ ሲደርስ ሙላት ሜዳው ላይ ነበር፤ አኮርባጁን ብብቱ ሥር ይዞ ፊሽካ ይነፋል፣ ወጣቶቹ ይሮጣሉ። ዓባይ በክራንቹ ሜዳውን አቋርጦ ወደ ዲሬክተሩ ቢሮ ገባና ሱሪውን ጠቅልሎ አሳያቸው። ዲሬክተሩ ትሑት ሰው ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡት፣ ሻይም አዘዙለት። ከዚያ እንዲህ አሉት፦ «ወንድሜ፣ ይህን ነገር መምህር ሙላት ሲመጡ ነግረውናል። አካለ ወልድ የሚባሉ የተከበሩ ሽማግሌ አስታርቀዋችኋል። እሳቸው የጨረሱትን እኔ ምን ብዬ እከፍተዋለሁ?» ዓባይ ሻዩን ሳይቀምስ ተመለሰ።

አካለ ወልድ ግን የነፍስ አባት ቀየረ። አዲሱ ቄስ ብዙ የማይጠይቁ ናቸው፤ ለፋሲካ ከሚስቱ ጋር ቆረበ። በሳምንቱ ሁለቱም ነጭ በነጭ ለብሰው በሱቄ ደጅ ሲያልፉ አስቆምኳቸው። ዲሬክተሩ ያሉትን ቃል በቃል ነገርኩት። የእሱ ስም ያንን ገራፊ እዚያም እንደ ጋሻ እየከለለው መሆኑን፣ በዚያ ስም የተነሣ የልጆች ጀርባ እየተተለተለ መሆኑን ሳልሸፋፍን ነገርኩት። ያፍራል ብዬ ነበር። ቢያንስ እንደ ልማዱ ዓይኑን ይጠርጋል ብዬ ነበር። ፊቱ በራ።

«እዚያም ያውቁኛል?» አለኝ። ወደ ወይዘሮ ጥሩነሽም ዞሮ «ሰማሽ? ደጀን ድረስ!» አላት።