በፎሌ እስከ ቦርከና ድልድይ

የመኪና ሽቅድምድም ሲባል ለሰው ሁሉ የሚታየው ሞተር ሲያገሳና ቤንዚን እንደ ውሃ ሲፈስ ነው። የልጅ ልጆቼ ቴሌቪዥን ላይ እሱን እያዩ ቤቱን በጩኸት ያፈርሱታል። "አባባ፣ እርስዎም እንዲህ ይነዱ ነበር?" ይሉኛል። ኧረ ወዲያ! ቤንዚን ረግጦ መፍጠንማ ማን ያቅተዋል? እኛ የምንሽቀዳደመው ሞተር አጥፍተን ነበር። ይህን ስነግራቸው ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

የደርግ ጊዜ ነው። ነዳጅ በኩፖን ነበር፤ ኩፖኑ ሲገኝ ማደያው ደርቆ ይጠብቀናል። እኔና ጓደኛዬ ደሴ ውስጥ ሰኞ ገበያ ከሚባለው ሰፈር ኮምቦልቻ ድረስ ሰው የምናመላልስ የላንድሮቨር ሹፌሮች ነበርን። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ እሱ የኮምቦልቻ። እኔ እስላም፣ እሱ ክርስቲያን። ስሙን አልጠራም፤ እሱ ራሱ ቢሰማ "ምን አስጨነቀህ፣ ጥራው እንጂ!" ይለኝ ነበር፤ እኔ ግን አልችልም።

ቤንዚን ለመቆጠብ ሹፌር ሁሉ ቁልቁለቱን በፎሌ ይወርድ ነበር። ፎሌ ማለት ማርሹን ነፃ አውጥቶ መኪናውን ለቁልቁለቱ መልቀቅ ነው። ክልክል መሆኑን ያጣው አልነበረም፤ መንጃ ፈቃድ ሲሰጡን መጀመሪያ የተነገረን እሱ ነው። ምን ይደረግ፣ የጨነቀው ምን አይሠራም? መጀመሪያ በጭንቅ ጀመርነው፤ ቀስ እያለ ጨዋታ ሆነ፤ ከዚያማ እሑድ እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ በኋላ ሽቅድምድም ሆኖ አረፈው። መንገደኛ ጭነን አናደርገውም ነበር፤ ያን ያህልስ ጅል አልነበርንም።

ሕጉ አጭር ነው። ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት ላይ ሞተር ይጠፋል። ቀድሞ ቦርከና ድልድይ የደረሰ ያሸንፋል። ማርሽ ያስገባ ግን፣ ቢቀድምም እንኳ ተሸነፈ። የተሸነፈ የአሸናፊውን መኪና ወንዝ አውርዶ ያጥባል። ዳኛ የለም፣ አብሮን የሚቀመጥ ምስክርም የለም። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሁለታችንም እጃችንን ኮፈኑ ላይ አድርገን እዚያ በሚጠብቁን ሹፌሮች ፊት እንምላለን። እኔ "ወላሂ አላስገባሁም" እላለሁ፣ እሱ "እመብርሃንን አላስገባሁም" ይላል። በቃ፣ አለቀ። የሹፌር ቃል ይታመን ነበር።

እሱ ያሸንፈኝ ነበር። ደጋግሞ! እኔ ሱሪዬን ጠቅልዬ ቦርከና ውስጥ ቆሜ መኪናውን ሳሽ፣ እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሸንኮራውን እየመጠጠ ያዝዘኛል። "ከጎማው ሥር ጭቃ ቀርቷል፣ አንተ ሰነፍ! ይሄ መኪና የመስጊዳችሁ ምንጣፍ ቢሆን እንዲህ ታጥበው ነበር?" ይለኛል። ውሃ እረጨዋለሁ። ሸንኮራውን ይወረውርብኛል። ዘመኑ ክፉ ነበር፣ ማን ይክዳል? ልጁ ዘምቶበት፣ ወንድሙ ታስሮበት የሚያለቅስ ስንት ቤት ነበር። ቢሆንም እንደዚያ ወንዝ ዳር የሳቅኩት ሳቅ ዛሬም ድረስ ይበቃኛል። ደስተኛ ነበርኩ፣ ምን ልበላችሁ።

ከታጠበ በኋላ እናቱ ቤት እንሄዳለን። ባላቸው ሲሞቱ የተረፋቸው ያ ላንድሮቨርና እሱ ብቻ ነበሩ። እኔ የምበላበት ድስት ለብቻው ነበር፤ "የእስላሙ ልጄ ድስት" ይሉታል፣ ሌላ ሰው አይነካውም። ዶሮ ሲሠሩልኝ ጎረቤት ያሉት ሼህ ያርዱላቸዋል። እናቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፤ ስለዚህ እኚህ ሴት "ልጄ፣ ብላ እንጂ" ሲሉኝ ጠግቤም ቢሆን እንደገና እጎርስ ነበር። እሱም ያውቃል። "እናቴን ወስደህብኛል፣ መኪናዬንማ እጠብ!" ይለኛል።

እንግዲህ ጥፋቴን ልንገራችሁ።

መሸነፉ ሰለቸኝ። እኔ ደግሞ ንዴቴ ቅርብ ነው፤ ዛሬም ሚስቴ "እሳት" ነው የምትለኝ። አንድ እሑድ ዶሮ መዝለያ ከሚባለው ቦታ በታች ያለው ክፉ ጠምዛዛ ላይ፣ እሱ ከኋላዬ ሆኖ ሳያየኝ ሦስተኛ ማርሽ አስገባሁ። ሞተር ጠፍቶም ቢሆን ማርሽ ከገባ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። ፍሬን መርገጥ አላስፈለገኝም። እሱ ፍሬን እየረገጠ፣ ፍሬኑም እየጋለ ሲሄድ፣ የኔ ቀዝቅዞ ቆየልኝና ከጠምዛዛው በታች ማርሹን አውጥቼ ለቀቅኩት። ቀድሜ ደረስኩ። ኮፈኑ ላይ እጄን አድርጌ አፌን ሞልቼ "ወላሂ አላስገባሁም" አልኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

መኪናዬን አጠበልኝ። እየዘፈነ አጠበልኝ! በሚቀጥለው እሑድም እንዲሁ። ያን ቀን ጨርቁን እየጨመቀ፣ "እስቲ ወንድሜ፣ ያን ጠምዛዛ እንዴት አድርገህ ነው የምታልፈው? እኔን ፍሬኑ ገደለኝ" አለኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "ልብ ነው፣ አንተ ፈሪ! እኔ ፍሬን ሳልነካ ነው የምገባው። መሪውን ጠበቅ ማድረግ ነው፣ አለቀ" አልኩት። ጉራ ነው። በአንደበቴ ላይ ቅንጣት ታህል አልከበደኝም።

በሦስተኛው እሑድ እሱ ከፊት ሆነ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሞ ነው የመጣው፤ የሽቅድምድም ዋዜማ ጠላ እንኳ አይቀምስም ነበር። እኔ ከኋላው ሆኜ ጠምዛዛው ላይ እንደለመድኩት ሦስተኛ አስገባሁ። የሱን የፍሬን መብራት ጠበቅኩ። አሁን ይበራል፣ አሁን ይበራል ብዬ ጠበቅኩ። አልበራም። ያኔ ገባኝ። "ያዘው! ፍሬን ያዘው!" ብዬ ብቻዬን በመኪናዬ ውስጥ ጮህኩ። ላንድሮቨሩ ጠምዛዛውን ስቶ ቀጥ ብሎ ገደሉ ውስጥ ገባ። ወርጄ ስደርስ ሞቷል። ኢናሊላሂ ከማለት በቀር ምን እላለሁ?

የመጡት ሹፌሮች ስለ ሽቅድምድሙ ትንፍሽ አላሉም፤ ለመታሰር የቸኮለ የለም። እኔም አላልኩም። ትራፊኩ አስፋልቱ ላይ የፍሬን ምልክት ፈልጎ አጣ። ጤነኛ ሰው እንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳይነካ አይገባም ተባለና፣ ቅዳሜ ሰርግ ቤት መዋሉም ተጠየቀና፣ "ሰክሮ ነው" ተባለ። ከኮምቦልቻ ደሴ ለመድረስ ያች ቃል አንድ ቀንም አልፈጀባት። ቀብሩ ላይ ሳይቀር ሴቶቹ "በሰንበት ጠጥቶ!" ሲባባሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

የተሰባበረውን መኪና በገመድ ጎትተን አውጥተን እናቱ ግቢ አስቀመጥነው። ይጣሉት ብንላቸው እምቢ አሉ። እኔ ጁምዓ ጁምዓ ከስግደት በኋላ መሄዴን አልተውኩም። እንጨት እፈልጣለሁ፣ ላምባ አመጣለሁ። ድስቴም እንዳለች ነበረች። "አንተ ባትኖርልኝ ምን ይውጠኝ ነበር፣ ልጄ?" ይሉኛል፤ ያች ቃል ስትነገረኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

እሳቸው ግን ከቤት መውጣት ተዉ። ከስንት ዘመን ጀምሮ የማርያም ማኅበርተኛ ነበሩ። ማኅበሩን የሚደግሱበት ተራ ሲደርስ "እኔን እለፉኝ" አሉ። አንድ ጁምዓ ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ "የሰካራም እናት ምን ፊት አላት?" አሉኝ። "እኔ እኮ ጠጪ አላሳደግኩም። ታዲያ ምን ልበላቸው? አላየሁ። ያየ የለም።" ይህን ብለው ሽሮዬን አቀረቡልኝ። በላሁት፣ ጣዕሙን ግን አላስታውስም።

ደሴ እስክገባ ድረስ ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ብናገር ሁለተኛ እናቴን አጣለሁ፤ ያች ቤት ትዘጋብኛለች፣ ምናልባትም ይረግሙኛል፤ የእናት እርግማን ደግሞ ቀልድ አይደለም። ዝም ብል እሱ ሰካራም እንደተባለ መቃብር ውስጥ ይቀራል፣ እሳቸውም ደጃቸውን ዘግተው ያረጃሉ። የሞተብኝ እኔን ያመነ ሰው ነው። ሳምንቱን እህል አላሰኘኝም።

በሚቀጥለው ጁምዓ ጠዋት፣ ስግደት እንኳ ሳልጠብቅ ወረድኩ። እሳቸው ግቢው ውስጥ ምስር ይለቅማሉ። አንዲት ዶሮ የላንድሮቨሩ የሹፌር መቀመጫ ላይ ዕንቁላል ታቅፋ ተኝታለች። አልተቀመጥኩም። ከተቀመጥኩ እንደማልናገር አውቄዋለሁ።

"እትዬ፣ ልጅዎ ሰክሮ አልነበረም" አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ፎሌውን፣ ማርሹን፣ የሐሰት መሐላዬን፣ "ፍሬን ሳልነካ ነው የምገባው" ያልኩትን። እንባዬ ይወርዳል፣ አፍንጫዬ ይወርዳል፣ እኔ ግን አላቆምኩም። ስጨርስ ሰፌዱን መሬት አስቀምጠው ተነሡ። ቀርበው በጥፊ አጮሉኝ። ሁለተኛ ሰነዘሩና እጃቸው መንገድ ላይ ቀረ።

ተመልሰው ተቀመጡ። ምስሯን በጣታቸው ወዲህ ወዲያ ያደርጓታል።

"ጠብታ አልቀመሰም?" አሉ።

"ጠብታ አልቀመሰም፣ እትዬ።"

"ማርሽስ አላስገባም?"

"አላስገባም።"

"አንተ ግን አስገባህ።"

"አስገባሁ።"

"ታዲያ በሕጋችሁ ያሸነፈው ማነው?"

ይህን ጥያቄ ራሴንም ጠይቄው አላውቅም ነበር። "እሱ ነው" አልኩ በመጨረሻ። "እሱ ነው ያሸነፈው።"

ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። መግባታቸው ነው፣ በሩን ሊዘጉብኝ ነው ብዬ ጫማዬን ሳይ፣ ባልዲና ጨርቅ ይዘው ወጡ። እግሬ ሥር አስቀመጡት።

"እንግዲያማ ዕዳህን ክፈል" አሉኝ። "ልጄ አሸንፎ መኪናው ሳይታጠብለት ሊቀር ነው እንዴ?"

ዶሮዋን አላስነሣኋትም፤ በዙሪያዋ አጠብኩ። ከቦርከና ውሃ እያመላለስኩ፣ የተጨራመተውን ኮፈን፣ መስታወት የሌለውን በር፣ የደረቀውን ጭቃ፣ አንድ በአንድ አጠብኩ። እሳቸው እሱ ይቀመጥ እንደነበረው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ውሃ ስቀዳ ያዩኝ የማኅበራቸው ሴቶች ጉድ ሊያዩ አጥሩ ላይ ተንጠለጠሉ። "ምነው፣ ይሄን ስብርባሪ ማጠብ ምን ይሉታል?" አለች አንዷ።

እሳቸው ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋቸው። "ንገራቸው" አሉኝ። "ለእኔ እንደነገርከኝ አድርገህ፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገራቸው።"

ጨርቁን እንደያዝኩ ነገርኳቸው። አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሌላዋ ማልቀስ ጀመረች። ማንም አልሰደበኝም፤ ቢሰድቡኝም እንደ ጸሎት እሰማው ነበር። ስጨርስ እሳቸው "የሚቀጥለው ወር ማኅበር እኔ ቤት ነው" አሉ፣ ለሴቶቹ። ከዚያ ድስቴን ሊጥዱ ገቡ። ያች ድስት እስኪሞቱ ድረስ ከእሳት አልወረደችም፣ አልሐምዱሊላህ። ብዙ ዓመት በላሁባት።

ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው መኪናውን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ከጎማው ሥር ጭቃ ቀርቷል" አሉኝ።