የሚስተር ላው አንበሳ

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ በዲቪ ሲያትል ከገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ጊዜው ስለራቀ መርሳት ነበረብኝ። ግን ዛሬም እዚያው ትምህርት ቤት ስለምሠራ አልተቻለም።

ያኔ በደቡብ ሲያትል በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት አስተማሪ ነበርኩ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለሚቆዩት ልጆች፣ ለከተማዋ ማን ምን እንዳበረከተላት የሚያሳይ ትምህርት አዘጋጀሁ። የመጀመሪያው ሳምንት የቻይናውያን ነበር። የባቡር ሐዲድ መዘርጋታቸውን፣ በዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካዎች መሥራታቸውን፣ በአንድ ወቅት ከከተማዋ በግፍ ተባረው እንደገና መመለሳቸውን፣ ምግባቸውን፣ በመጨረሻም በአዲስ ዓመታቸው የሚጨፈረውን የአንበሳ ጭፈራ በቅደም ተከተል አስረዳሁ።

ሊንዳ የምትባል ተማሪዬ እጇን አወጣች። «የኔ አያት አንበሳ ይሠራል» አለች።

ልጆቹ ሳቁባት። እኔ ግን በዚያው ሳምንት ቻይናታውን ሄድኩ።

አያቷ ሚስተር ላው የሚሠሩት በአንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። በወጣትነታቸው ከሆንግ ኮንግ መጥተው፣ ዕድሜያቸውን ምግብ ቤት ሲያበስሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የሰፈሩን የአንበሳ ጭፈራ ቡድን ለብዙ ዓመታት ያሠለጠኑት እሳቸው ነበሩ። ጨፋሪዎቹ አድገው፣ አንዱ በጎረቤት ከተማ በሬንተን አውሮፕላን ፋብሪካ፣ ሌላው ካሊፎርኒያ እያለ ቡድኑ ተበትኗል።

ጠረጴዛቸው ላይ አዲስ የአንበሳ ራስ ተቀምጦ ነበር። ከቀርከሃ ስንጥርና ከወረቀት የተሠራ ነው። በቀይና በወርቃማ ቀለም አሸብርቋል፤ ገመዱ ሲሳብ ጆሮው ይንቀሳቀሳል። ዓይኖቹ ግን ነጭ ነበሩ።

«ገና አላለቀም?» አልኳቸው።

«አልቋል። ተኝቶ ነው» አሉኝ።

ለማያውቁ ላስረዳ። አንበሳውን ሁለት ሰዎች ከነጨርቅ ገላው ለብሰውት ነው የሚጨፍሩት። የሚጨፍርበት ቀን ሲደርስ ዓይኖቹ ላይ በብሩሽ ነጥብ ይደረግለታል። በእነሱ ልማድ ያን ጊዜ ይነቃል። የነቃ አንበሳ ደግሞ ይጨፍራል እንጂ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሚስተር ላው የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህ የመጨረሻ ሥራቸው ሲጨፍር ማየት።

«የአንበሳውን ራስ የሚይዝ አንድ ሰው፣ ጭራውን የሚይዝ አንድ ሰው» አሉ። «ካገኘሁ ዓይኑን እከፍተዋለሁ።»

«ሰው እኔ ጋ ሞልቷል» አልኳቸው።

በየረቡዑ በአውቶቡስ እየመጡ በትምህርት ቤቱ ጂም ማሠልጠን ጀመሩ። መጀመሪያ ብዙ ልጆች መጡ። ሁሉም የፈለጉት ራሱን አጥልቀው መሮጥ ነበር። እሳቸው ግን ጉልበትን አጥፎ ዝቅ ብሎ መቆምን ብቻ ያስተምሩ ነበር።

«አንበሳው መቼ ነው?» ይላሉ ልጆቹ።

«ይሄ ነው አንበሳው» ይላሉ ጭናቸውን መታ መታ እያደረጉ።

በየሳምንቱ ልጅ ጎደለ። አንዳንዱን ቅርጫት ኳስ ወሰደው፤ አንዳንዱ ሰለቸው። የፈረንጆች ገና ሲያልፍ ሊንዳና ሄለን ብቻ ቀሩ። ሄለን የእኛው አገር ልጅ ናት፤ ጭራውን የያዘችው እሷ ነበረች። የቻይናውያን አዲስ ዓመት ሲቃረብ እናቷ እትዬ አስቴር ኮል አደረጉልኝ።

«የኔ እህት፣ ልጄ ማዝ ፌል አድርጋ፣ አንቺ ጋ የአንበሳ ጭራ ትሆናለች?» አሉኝ።

ስለ ልማዱና ስለ ሽማግሌው አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ገብቶኛል፤ ደግ ሰው ናቸው። ሶ፣ ቅዳሜ ሬንተን ሙቭ ልናደርግ ነው። በምን ላመላልሳት?»

በሚቀጥለው ረቡዕ ጂም ውስጥ ሊንዳና ሚስተር ላው ብቻ ነበሩ።

«ጭራው እኔ እሆናለሁ» አሉ ሽማግሌው። ጎንበስ ብለው ጨርቁ ሥር ገቡ። ሊንዳ ራሱን አነሳች። ጥቂት እንደተራመዱ ጭራው ቆመ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሎ፣ ጨርቁ ሥር እንደተንበረከኩ ቀሩ። ጨርቁን ገልጬ ክንዳቸውን ደግፌ አነሳኋቸው። ሊንዳ በሩ ላይ የቆሙትን ጓደኞቿን አየች፤ ራሱን አውልቃ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«አያቴ፣ ይቅር» አለች በእንግሊዝኛ።

በዚያ ዓመት የአንበሳው ዓይን አልተከፈተም። በጸደይ ሕንፃው ተሸጠና ምድር ቤቱን ልቀቁ ተባሉ። አብረውት የሚኖሩት ልጃቸው አፓርትመንቱ ውስጥ ቦታ የለኝም ስላለ፣ የአንበሳውን ራስ ለትምህርት ቤታችን ሰጡ።

«እንደተኛ ይቀመጥ። ዓይኑን ማንም እንዳይነካው» አሉኝ። ለርዕሰ መምህሩ ነገርኩ። እሺ አሉኝ።

በወላጆች ቀን ሚስተር ላው ከሊንዳ ጋር መጡ። አንበሳው ዋናው ኮሪደር ግድግዳ ላይ በብሎን ታስሮ ተሰቅሏል። ዓይኖቹ ላይ ትልልቅ የሚያብረቀርቁ ጥቁር ነጥቦች ነበሩ። መልእክቱ ያልደረሳት የሥዕል አስተማሪዋ፣ ያላለቀ መስሏት፣ ለእንግዶች ይመር ብላ ጨርሳዋለች።

እሷም ፈገግ ብላ ወደ እኛ መጣች። ሚስተር ላው እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው አመሰገኗት። ስትሄድ ወደ እኔ ዞሩ።

«ማንቃት ይቻላል» አሉኝ። «መልሶ ማስተኛት ግን የለም።»

«ላውርደው?»

«አውርደሽ የት ታደርጊዋለሽ?»

ሊንዳ አንገቷን ቀና አድርጋ ታየው ነበር።

«አሁን ገና የእውነት አንበሳ መሰለ» አለች። ደስ ብሏታል። ሚስተር ላው ፀጉሯን ዳሰስ አደረጉላት። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቱ አልመጡም።

እኔ ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝ። ሰው ነገሩ ከገባው ይጠብቀዋል ብዬ አምን ነበር፤ መምህር የሆንኩትም ለዚህ ነው። ለርዕሰ መምህሩ አስረዳሁ። ለሥዕል አስተማሪዋ አስረዳሁ፤ እሷማ አለቀሰች። ሁሉም ገባቸው። ልጆቹ ስለሚወዱት ግን ይውረድ የሚል አልተገኘም።

ያንን ትምህርት ዛሬም በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ ባቡሩን፣ ዓሣውን፣ ምግቡን። ጭፈራው ጋ ስደርስ ልጆቹ በጣታቸው ወደ ኮሪደሩ ያመለክታሉ። እኔ ሳላስረዳ ወደሚቀጥለው ርዕስ አልፋለሁ።