ከኡመር ድምፅ ላይ የቆረጥኩት

ስደተኛ ሁሉ ሲያወራ «በውድቅት ወጣሁ» ይላል። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ዱብቲን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በቀትር ዘበኛውም ውሻውም ጥላ ፍለጋ ስለሚገባ ከጨለማው ይልቅ ፀሐዩ ይደብቃል። ጥጥ በጫነ መኪና ላይ፣ በሁለት እስር ጥጥ መሀል ተጋድሜ፣ አንድ ጥቅል የቴፕ ክር ሆዴ ላይ በሽርጥ አስሬ ወደ አሰብ ሄድኩ። የወንድሜ የኡመር ደም ሸሚዜ ላይ ደርቆ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ደረቴን ይልጠኛል። ብናኙ ጉሮሮዬን ሲዘጋው እንዳልስል የገዛ ክንዴን ነከስኩ። ጠባሳው ዛሬም አለ።

እናንተ ሰመራና አዋሽ ተቀምጣችሁ በኮምፒውተር የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የምትሠሩ ወጣቶች፣ «ጋሽ ሰይድ፣ ዕድሜዎን ሙሉ ፈረንሳይ ድምፅ ሲሠሩ ኖረዋል፤ እስቲ ትንሽ ይምከሩን» ብላችሁ ጻፋችሁልኝ። እመክራችኋለሁ። ግን ሙያውን ከመጽሐፍ ስላልተማርኩት ከታሪኩ ነጥዬ ልሰጣችሁ አልችልም። ያቺ መኪና ጎማዋ የፈነዳው ዛሬ ሰመራ በተሠራችበት ጥቁር ድንጋይ ላይ ይመስለኛል። ያኔ ከተማ የሚባል ነገር አልነበረም። ሾፌሩ እየተሳደበ ጎማ ሲቀይር እኔ ጥጡ ውስጥ ሆኜ ድንጋዩ በሐሩሩ ሲሰነጠቅ እሰማ ነበር፤ ቀጭን ነው፣ ጥፍር ሲቆረጥ ይመስላል። የሌላ አገር ሰው የሰበሰበውን ድምፅ ከኢንተርኔት ከማውረዳችሁ በፊት ሂዱና እሱን ቅረጹት።

ኡመርና እኔ ያደግነው አዋሽ ጣቢያ ነው። አባታችን ከወሎ መጥቶ ባቡሩ አጠገብ ሻይ ቤት ከፈተ፤ እኔ ከባቡር ሠራተኞቹ ፈረንሳይኛ ለቃቀምኩ፣ ኡመር ከከብት ነጂዎቹ አፋርኛ። ጥጡ እርሻ ሰው ሲፈልግ ሁለታችንም ወደ ዱብቲ ወረድን። እሱ የቦዩ ውሃ ጠባቂ ሆነ፤ መዝጊያውን የሚከፍትና የሚዘጋ እሱ ነው። የአፋር ልጅ አገባ፤ ፋጡማ ትባላለች። እኔን ደግሞ የሬዲዮ ክፍል አስገቡኝ። ፈረንጁ አስተዳዳሪ በባትሪ የሚሠራ ቴፕ ነበረው፤ ወንዙ ዳር የወፍ ድምፅ ይቀዳበታል። ቴፑን ተሸካሚ እኔ ነበርኩ። ሰውዬው የወፍ ጩኸት ሲሰማ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ ሠራተኛ ሲገረፍ ግን አይሰማም።

በዚያ ቀን ወፉን ቀድቶ ለምሳ ሄደ። እኔ ቴፑን ይዤ ኡመር ወዳለበት ቦይ ወረድኩ። አንድ ሽማግሌ ከብቶቹን ይዞ መጥቶ ነበር። የድሮው የከብቶቹ ውሃ መውረጃ በእርሻው ታጥሯል፤ ላሞቹ ምላሳቸው ወጥቶ ቆመዋል። ኡመር ዝም ብሎ መዝጊያውን ከፈተላቸው። ከዚያ ከሽማግሌው ጋር ዳጉ ተቀመጡ። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ለማያውቀው ልንገረው፤ ሁለት አፋሮች ሲገናኙ ያዩትን፣ የሰሙትን አንድ በአንድ ይነጋገራሉ። መጨመር ነውር ነው፣ መደበቅም ነውር ነው። ደስ ስላለኝ ቴፑን ከፈትኩ። ኡመር እየሳቀ «አዳይቱ ዘንቧል። የኔ ሚስት ወሯ ገብቷል። ሴት ብትወለድ ሐዋ እላታለሁ» ይላል። እኔ ማይክራፎኑን ነፋስ እንዳይነካው ብዬ ከቦዩ አፈር ክምር ኋላ ተኝቻለሁ።

የዘበኞቹ መኪና መጣች። አለቃው ወርዶ «ማን ክፈት አለህ?» አለ። ኡመር «ጠምቷቸው» አለ። የመጀመሪያው ሰደፍ መንጋጋው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ትከሻው ላይ። ሲወድቅ በጫማ አናቱን ረገጡት። ሽማግሌው ሊገላግል ሲገባ እሱንም ቦዩ ውስጥ ጣሉት። ከብቶቹ ላይ ተኮሱ፤ አንዷ ላም በፊት እግሯ ተንበረከከች። በመጨረሻ አለቃው ኡመር ላይ ተኮሰ። አንድ ጊዜ ብቻ። ቴፑ ይዞራል። እኔ አፈሩን በጥርሴ ነክሼ ተኝቻለሁ።

ሲሄዱ ሄጄ አቀፍኩት። ትንፋሽ አልነበረውም። አላህ ይርሐመው። በማግስቱ አለቃው ሬዲዮ ክፍል መጥቶ «ያቺ ዕቃ ትናንት የት ነበረች?» ሲል ነገሩ ገባኝ። አዋሽ እንዳልሄድ ቤታችንን ያውቃሉ። ፋጡማን ሳልሰናበት ወጣሁ።

ስለ መርከቡ ብዙ አልልም፤ ሞተሩ አጠገብ ከሰል እንደሚጭን ሰው ጠቁሬ ማርሴይ ደረስኩ። ወደቡ ላይ አንድ ሹም ወረቀት ዘረጋ።

«ስም?»

«ሰይድ።»

«የቤተሰብ ስም?»

«አባቴ አህመድ ይባላል።»

«አባትህን አልጠየቅሁም። የቤተሰብህን ስም!»

«ሙሴ፣ ብዙ ነን፤ የማንን ልንገርህ?»

«የተወለድክበት ቀን?»

«አዋሽ ሞልቶ ድልድዩን የነቀነቀ ሰሞን።»

የራሱን የልደት ቀን ጻፈልኝ። «ሆድህ ላይ ያሰርከው ምንድነው?»

«የወፍ ድምፅ ነው።»

«ለምን ሆድህ ላይ?»

«እንዳይበር።»

ሳቀና ማኅተሙን መታው። እኔ አልሳቅሁም፤ ማኅተሙ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ያ ሰደፍ መስሎኝ ሆዴ ላይ ያለውን ክር በሁለት እጄ ያዝኩት።

የተከራየሁባት ማዳም ኦዴት ትባላለች፤ ሕጓን በር ላይ ቆማ ነገረችኝ። «ወጥ አይሠራም፣ ይሸታል። እንግዳ አይገባም። ጫማ አይጮህም። አይዘፈንም።»

«መተንፈስስ ማዳም?»

«በዝግታ።»

ነፋሳቸው ከአዋሽ ነፋስ ይከፋል፤ የኛው አቧራ ይዞ ይመጣል፣ የነሱ ምላጭ። አይብ ብለው የሚበሉት የግመል ኮርቻ ሥር ይሸታል። ሰው ሰው አጠገብ ሲያልፍ አይቆምም፤ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ የለም። ከሁሉ የከፋው ግን ክሩ ፍራሼ ሥር አለ፣ የሚያጫውተው ቴፕ የለኝም። ወንድሜ እዚያ ውስጥ ይስቃል፣ እኔ አልሰማውም። እሱን ሳልሰማ በእንቅልፌ እጮህ ጀመር። ማዳም ኦዴት «ካንተ የባሰ አንድ ሰው ከሥጋ ቤቱ በላይ አለ፤ በማሽን ያለቅሳል፤ ሂድና ከሱ ጋር ጩህ» ብላ አባረረችኝ።

ሙሴ ረኔ ይባላል። ለሬዲዮ ድራማና ለፊልም ድምፅ ይሠራል፤ የቀረውን ጊዜ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ይሠራል። ክፍሉ ሙሉ ቴፕ ነው። «ክፍሉን ልጥረግልህ፤ በምትኩ አንድ ክር አሰማኝ» አልኩት። አሰማኝ። ወፎቹ ጮኹ፣ ከዚያ ኡመር ሳቀ። የሳቁ ነገር! ከዚያ ሰደፉ ወረደ። ከሱ በኋላ ያለውን አላስታውሰውም ነበር፤ ጆሮዬ ዘግቶት ኖሯል። ኡመር መሬት ላይ ሆኖ ስሜን ጠራ። «ሰይዶ!» ሦስት ጊዜ። ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ እንዳለሁ ያውቅ ነበር። ከዚያ ጥይቱ።

ረኔ ከወንበሩ ተነስቶ «ግሩም! ያ ምት! ከየት አገኘኸው?» አለ። በቡጢ አፍንጫውን አልኩት። አጥንቱ ቀጭ አለ፤ ደም ማሽኑ ላይ ተረጨ። ሰውዬው አፍንጫውን ይዞ፣ በደም መሀል «ማይክራፎኑ ክፍት ነበር? ተቀድቷል?» አለኝ። እብድ ነው። ስነግረው ግን የማን ድምፅ እንደሆነ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሬው ሠራሁ።

ያስተማረኝን ልንገራችሁ። ማንኛውም ድምፅ አነሳስ፣ አካልና ጭራ አለው። የደወልን አነሳስ ቆርጣችሁ ብትጥሉ ደወል መሆኑን ማንም አያውቀውም፤ ዋሽንት ይሆናል። ሰው የሚደነግጠው በአነሳሱ ነው፤ ጡጫም በሉት ከበሮ፣ መጀመሪያው ሹል ካልሆነ የቱንም ያህል ብታጮኹት አያምም። የዝንብን ድምፅ በአራት እጥፍ አዝግሙት፤ ትራክተር ሆኖ ይመጣል። የባቡር ፍሬን ወደ ኋላ አዙሩት፤ ጅብ ትንፋሹን ሲስብ ትሰማላችሁ። ፊልም ላይ አጥንት ሲሰበር የሚሰማው ጎመን ነው፤ እኔ ግን ጎመን አልቀበልም ብዬ ከረኔ ጋር ስንት ጊዜ ተጣልቻለሁ። የእውነተኛው አጥንት ድምፅ እርጥብ ነው፣ አጭር ነው፣ ከተጠበቀው ያንሳል። ድምፅ አትደራርቡ። ደራርባችሁ የምታጮኹዋቸው አሥር ድምፆች ከአንድ ጸጥታ በኋላ የምትመጣን አንዲት ምት አያህሉም። ይህን ያወቅሁት ቦዩ ዳር ነው።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ያኔ የምንቆርጠው በምላጭ ነው፤ ክሩን ሰያፍ ትቆርጥና በማጣበቂያ ትገጥማለህ፣ ጎበዝ ከሆንክ መገጣጠሚያው አይሰማም። እኔ ጎበዝ ሆንኩ። አንድ ቀን ረኔ በሌለበት የኡመርን ክር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ሳቁንም፣ ዳጉውንም፣ ምቱንም አልነካሁም። ስሜን ብቻ አወጣሁ። ሦስቱንም። ወንድሜን ለማስታወስ አይደለም የቆረጥኩት፤ እኔ ስለማልችለው ነው። በየቀኑ እየጠራኝ እንዴት ልኑር? ሦስቱን ቁራጭ ከሌላው ጥራጊ ጋር ምድጃ ውስጥ ጨመርኳቸው፤ ሲቃጠል ይገማል። ቅጂ አላስቀረሁም። ስለዚህ ዋናው ምክሬ ይህ ነው፤ የመጀመሪያውን ቅጂ አትንኩ። የቱንም ያህል ቢያማችሁ አትንኩት።

በቀረው ረኔና እኔ የሰባት ደቂቃ ሥራ ሠራንበት። አዳራሽ ውስጥ ስናሰማው ሰዎች ጆሯቸውን ይዘው ወጡ፣ የቀሩት ቆመው አጨበጨቡ። ባለሙያ የተባለ ሁሉ ክሩን ሰምቶታል፤ አንድም ሰው መገጣጠሚያውን አላገኘውም። ለፋጡማ ግን ክሩ ባሕር ውስጥ ወደቀ ብዬ ጻፍኩ። በዚያው ውሸት ኖርኩ። ፋጡማ ሞተች፤ አባቷ ከሞተ በኋላ የተወለደችው ሐዋ አድጋ፣ ወልዳ፣ ሰመራ ሱቅ ከፈተች።

ጉራዬን አልችለውምና ለእናንተ በመጀመሪያው ደብዳቤ «ዱብቲ የተቀዳ፣ የወንድሜ ዳጉ ያለበት ክር አለኝ» ብዬ ጻፍኩ። እናንተም ሮጣችሁ ለሐዋ ነገራችኋት። አልፈርድባችሁም። ባለፈው ጁምዓ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ።

«አሰላሙ አለይኩም አጎቴ። የአባቴ ድምፅ ባሕር ገባ ብለው አልነበር?»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ሐዋዬ...»

«አሁን ያሰሙኝ።»

«የሚሰማ አይደለም ልጄ። መጨረሻው...»

«መጨረሻውን አውቀዋለሁ። ሃምሳ ዓመት ሰው ሁሉ ሲነግረኝ ነው የኖርኩት። ድምፁን ነው የማላውቀው።»

ስልኩን ድምፅ ማጉያው አጠገብ አኖርኩት። ኡመር ሳቀ። አዳይቱ ዘንቧል አለ። ሴት ብትወለድ ሐዋ እላታለሁ ሲል ከወዲያ ማዶ ትንፋሿ ሲቆም ሰማሁት። ምቱ፣ ምቱ፣ ጥይቱ። «ይድገሙልኝ» አለች። ደገምኩላት። ታለቅሳለች ብዬ፣ ላጽናናት «አብሽሪ» የምትለዋ ቃል አፌ ላይ ነበረች።

«አጎቴ» አለች፤ አላለቀሰችም። «ላሟ ጮኻ አልጨረሰችም።»

«የቷ ላም?»

«ከምቱ በኋላ አንዲት ላም እምቧ ትላለች። መሀል ላይ ሌላ ላም ሆነች። ላም እንደዚያ አትጮህም። እዚያ ጋ ምን ነበር?»

ክሩ አርጅቷል፣ ተበልቷል ማለት እችል ነበር። ማንም ያምነኝ ነበር።

«ስሜ ነበር» አልኳት። «አባትሽ ሦስት ጊዜ ጠራኝ። ከአፈሩ ኋላ ተኝቼ ነበር። አልተነሳሁም። በኋላ ቆርጬ አቃጠልኩት።»

ከሰመራ በኩል የመኪና ጡሩምባ ይሰማል፣ ሰው ሱቋ በር ላይ ስኳር ይጠይቃል። ስልኩን የምትዘጋው መስሎኝ ነበር፤ ብትዘጋው ደስ ባለኝ።

«እንዴት ብሎ ጠራዎት?» አለች።

«ሐዋ...»

«ካለርስዎ የሰማው የለም። እሱ እንደጠራው አድርገው ይጥሩት።»

ስንት የፊልም ሬሳ አስጩኼያለሁ፣ ስንት ጦርነት በባዶ ክፍል ሠርቻለሁ። አፌን ስከፍት የሽማግሌ ድምፅ ወጣ፤ ተሰንጥቆ፣ ከማዳም ኦዴት ጊዜ ጀምሮ በዚህ አገር ጮክ ብዬ የማላውቀውን ያህል ጮህኩ። «ሰይዶ!» አልኩ። ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበ።

ሐዋ ጠበቀች።

«ሦስት ጊዜ ነው ያሉኝ» አለች።