ከፍራሽ ቤቱ በላይ ያለው ኮሌጅ

ሰፈሩ ሁሉ «ዳኛ» ነበር የሚላት። ገና በልጅነቷ፣ ታናናሾቿ ሲጣሉ የሁለቱንም ወገን ቃል ሳትሰማ እናቷ እንኳ እንድትቆጣቸው አትፈቅድም ነበር። አባቷ ፀጉር አስተካካይ፣ እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። የፈተናው ውጤት ሲመጣ ለትልቁ ዩኒቨርሲቲ ለጥቂት ሳይበቃት ቀረ። የበቃት ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ከፍራሽ መሸጫ በላይ ላለ አንድ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ የመሬት ቅየሳ ያስተምራል። ካርታ መሳል ትወድ ስለነበር ሙያው አላስከፋትም። ያስከፋት ፍራሹ ነው።

አባቷ ስለ ነገሩ ደንበኞቹን አማከረ። ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠ ሰው የትም መሄድ ስለማይችል ሁሉም ሐሳብ ሰጠ። አንዱ «ስም ያለው ይሻላል» አለ። ሌላው «ስም አይበላም» አለ። ሌላው ደግሞ ጆሮውን እንዲጠነቀቅለት ብቻ ለመነ።

አጎቷ፣ የእናቷ ወንድም፣ ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው። ከተመረቀ ስንትና ስንት ዓመቱ፣ አሁንም ወሬ የሚጀምረው «እኛ ግቢ እያለን» ብሎ ነው።

«አንድ ዓመት ትቀመጥና ደግማ ትፈተን» አለ። «ነገ ሰው የት ተማርሽ ቢላት ምን ልትል ነው? ፍራሽ ላይ?»

«ፍራሽ ላይ ሳይሆን ከፍራሽ በላይ» አለች እናቷ። ሙያዋ ስለሆነ ልክ ያልሆነ ነገር አትወድም።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለ አባቷ።

«አላየሁትም እኮ። ያላየሁትን ምን ልበል?» አለች ዳኛ።

በማግሥቱ ጠዋት ልታየው ሄደች። ፍራሽ ሻጩ ደጁ ላይ፣ ከሸቀጡ አንዱን ተንተርሶ ተጋድሞ ነበር።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ያለው ኮሌጅ ደህና ነው?»

«ፍራሽ ከፈለግሽ በዚህ ግቢ፤ ኮሌጅ ከፈለግሽ ደረጃው በጎን ነው» አላት። «ሁለቱም ጋ የሚተኛ አይጠፋም።»

ደረጃው ድረስ አልደረሰችም። ተማሪዎቹ መንገድ ዳር፣ ሦስት እግር ባለው መሣሪያ ዙሪያ ተኮልኩለዋል። ባርኔጣ ያደረጉ አዛውንት መምህር አዩዋትና «አንቺ ደግሞ አረፈድሽ» ብለው ቀይና ነጭ የተቀባ ረጅም ዘንግ አስያዟት። «ቀጥ አድርገሽ ያዢው።»

ልታስረዳቸው አሰበች። ግን ዘንግ ቀጥ አድርጎ ይዞ ነገር ማስረዳት አይመችም።

መንገድ ላይ ዘንግ ሲቆም ሰፈር ይደነግጣል። አንዲት ባለሱቅ እጇን እየጠረገች ወጣች።

«ልታፈርሱን ነው?»

«የለም እትዬ፣ እየተማርን ነው» አሉ መምህሩ።

«እና ተምራችሁ ስትጨርሱ ነው የምታፈርሱን?»

መምህሩ ወደ መሣሪያቸው ጎንበስ አሉ።

ልኬቱ መናኸሪያውን ዞሮ ወደተነሣበት ነጥብ መመለስ ነበረበት። ሰዎቹ ተመለሱ፤ ሲሰላ ግን ልኬቱ አልተመለሰም። አንድ እርምጃ ያህል ጎደለ።

«እንደገና» አሉ መምህሩ። ተማሪዎቹ አጉረመረሙ።

«ለአንዲት እርምጃ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?» አለች ዳኛ፣ ተማሪ አለመሆኗን ረስታ።

«ያቺ እርምጃ የማን ቤት ላይ እንደምታርፍ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። እንደገና።»

ሁለተኛውም ዙር አልገጠመም፤ ፀሐይ ዘቀዘቀችና ተበተኑ። ዳኛ በማግሥቱ የተመለሰችው መጨረሻውን ለማየት ብቻ ነው። ገጠመ። ግን በዚያው ቀን ሌላ ልኬት ተጀመረ፣ እሱንም ሳይገጥም ትቶ መሄድ ከበዳት። ቤት ውስጥ ሲጠይቋት «ገና እያየሁት ነው» ትላለች። እንዲህ ስታይ ወር አለፈ።

አንድ ቀን የኮሌጁ ጸሐፊ ግማሽ ወንበሩ ባዶ ወደሆነው መማሪያ ክፍል መጥታ «ይህች ልጅ አልተመዘገበችም» አለች።

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዳኛን አዩዋት። «ያልተመዘገበችው እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ታዲያ የተመዘገቡት የት ነው ያሉት?»

ተመዘገበች። ያን ቀን አባቷ ጋ ገብታ «ወስኛለሁ» አለችው።

አባቷ መቀሱን አስቀመጠ። «መቼ?»

«አላስተዋልኩም።»

አጎቷ ያለው ግን ከንቱ አልነበረም። ስትመረቅ ሥራ የጠየቀችበት አንድ መሥሪያ ቤት «የት ነው ይሄ ኮሌጅ?» አላት። ፍራሹን ዘልላ የቀረውን ነገረችው፤ አልጠራትም። ሌላው ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ ለመጣ ወጣት ረዳት አድርጎ ቀጠራት። ወጣቱ ደግ ሰው ነው፣ ሥራውንም ያውቃል። እሱ መሣሪያው ውስጥ ሲያይ፣ እሷ ወዲያ ማዶ ዘንግ ይዛ ፀሐይ እየመታት ሁለት ዓመት ቆመች። እናቷ አልፎ አልፎ «ያን ጊዜ አንድ ዓመት ተቀምጠሽ ቢሆን ኖሮ…» ብላ ትጀምርና ትተዋለች።

«ሊሆን ይችላል» ትላለች ዳኛ። ከልቧ ነው። ያልሄደችበትን ቦታ ደህና አይደለም ለማለት ማስረጃ አልነበራትም።

ወጣቱ ሲዛወር መሥሪያ ቤቱ ሌላ ሰው ስላላገኘ ለከተማው ገበያ የሚቆፈረውን የጎርፍ ማውረጃ ቦይ ሥራ ለእሷ ሰጣት። ገበያው በየክረምቱ ጎርፍ ይገባዋል። የገባው ጎርፍ ደግሞ የመውጫ መንገድ ስለሌለው እዚያው ይከርማል። ዳኛ ተዳፋቱን ለካች፤ አልጣማትም፤ እንደገና ለካች። ሠራተኞቹ አጉረመረሙ። ቦዩ ተቆፈረ፣ ተከደነ።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የጣለ ቀን ከቢሮ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣችና ገበያው ጫፍ ላይ ቆመች። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ከሸራዋ ሥር አንገቷን አወጣች።

«ምን ትጠብቂያለሽ የኔ ልጅ?»

«ጎርፉን።»

«ጎርፍማ ዘንድሮ የለም። ዝናቡ ደካማ ነው» አለች ሴትየዋ። ውሃው ከቦዩ ክዳን ሥር እየተንደረደረ ወደ ወንዙ ይወርዳል።

ዳኛ እስኪያባራ ቆማ የውሃውን ድምፅ ሰማች። ከዚያ ሽንኩርት ገዝታ ወደ ቤቷ ሄደች።