የእናቴ እጅ የሚያውቀው ግድግዳ

ያንን የጦርነት መኸር ሳስታውስ እንቅልፍና ንቃት ይደባለቁብኛል። መርሳ ላይ መብራት የለም፣ ስልክ የለም፤ በዋናው መንገድ አውቶቡስ ካየን ሰንብተናል። ከወልዲያ በኩል የሚመጣው ድምፅ ጎረቤት ከባድ ሳጥን የሚጎትት ይመስል ነበር። ቀኑ የትኛው እንደሆነ የምናውቀው በጁምዓ ብቻ ነው። እኛም ያንን ድምፅ እየሰማን ቤት እናድሳለን።

ቤቱን በድንጋይ መሠረት ላይ በእንጨትና በጭቃ ያቆመው አያቴ ነው። እናቴ፣ እኔና ባለቤቴ፣ ሁለቱ ወንዶች ልጆቼም ከነሚስቶቻቸው በአንድ ጣሪያ ሥር እንድንኖር ብዬ እድሳቱን የጀመርኩት ጦርነቱ ሳይደርስ ነበር። ሰፊውን ክፍል ከፋፈልኩ፣ መስኮቶቹን አሰፋሁ፣ ሽንት ቤቱን ወደ ውስጥ አስገባሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ስለዚህ አንብቤ ያገኘሁትን ነገር በቀላሉ አልለቅም። አንድ ያረጀ የግንባታ መጽሐፍ ነበረኝ፤ የጭቃ ግድግዳ አቧራ ያበዛል ይላል። አመንኩትና ግድግዳውን ሁሉ በሲሚንቶ አስለሰንኩ።

ልጆቼን ሁልጊዜ፣ የማታውቁትን ጠይቁ እላቸዋለሁ። እኔ ግን በዚያ ቤት ከሁላችንም በላይ የኖረችውን ሰው አልጠየቅኩም።

እናቴ ዓይኗ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። በቤታችን አዲስ ሙሽራ ስትገባ በመጀመሪያው በጋ ከግድግዳው አንድ ድርሻ ተሰጥቷት በእጇ ትመርጋለች። ጣቷን እንደፈለገች ታስኬዳለች፤ አንዷ እንደ እርሻ ትልም ቀጥ አድርጋ፣ ሌላዋ እያጠማዘዘች፣ ሌላዋ በአውራ ጣቷ እየነቆጠች። እናቴ መዳፏን ግድግዳው ላይ እያስኬደች ትሄዳለች። የአማቷ፣ የሴት አያቴ፣ እጅ ላይ ስትደርስ ወደ ጓዳ ትታጠፋለች፤ የራሷ እጅ ላይ ስትደርስ በሩ እዚያ ነው። እኔ ይህን ለዓመታት ሳየው ኖሬ አንድም ቀን አላስተዋልኩትም።

ልስኑ በደረቀ ማግስት ከአልጋዋ ተነስታ ግድግዳውን ነካችና ቆመች።

«ምን ሆንሽ እማ?»

«ቤቴን እየፈለግሁ ነው።»

«ቤትሽ ውስጥ ነሽ እኮ።»

«አይደለሁም። ይሄ የብርጭቆ ሆድ ነው። እጄን ያንሸራትተዋል።»

«ትለምጂዋለሽ።»

«አንተ ልመደው። እኔ ልጄ ጋ ሐራ እሄዳለሁ።»

እህቴ ሐራ ነው የምትኖረው። ከዚያ በአህያ ጨው ይዞ የሚመጣ ነጋዴ ነበር፤ እናቴ ቅዳሜ ሊወስዳት ከእሱ ጋር ተነጋግራ ጨርሳለች። «መንገድ ላይ ይተኩሳሉ» አልኳት። «ተኩሱን በጆሮዬ አውቀዋለሁ፤ ግድግዳህን ነው የማላውቀው» አለችኝ።

ተቆጣሁ። ምሳ ላይ ስለ ትዕግሥት ረጅም ንግግር አደረግሁ። ከዚያ እጇን ይዤ እመራት ጀመር። እንደ እስረኛ ትከተለኛለች። ሐሙስ ዕለት እናቴ ትልቋን ምራቴን «ሽንት ቤት ለመሄድ ልጄን የማስፈቅድ ሆንኩ» ስትላት ከመጋረጃው ጀርባ ሰማሁ። መሮና መዶሻ አነሳሁ።

ከአልጋዋ እስከ በሩ እጇ በሚደርስበት ከፍታ ሲሚንቶውን ፈለፈልኩ። የድሮው ምርጊት አብሮ ተላቀቀ። የሴት አያቴ የጣት ምልክቶች በሲሚንቶው ቁራጭ ጀርባ ላይ ተገልብጠው ታዩኝ፤ ቁራጩን ሳነሳው ረገፈ። እንዳጠፋሁት ያን ጊዜ ገባኝ። የጠፋው እጅ አይመለስም፤ ይህን ማድበስበስ አልፈልግም።

የምርጊት ጭቃ ከጭድ ጋር ተረግጦ ቀናት ካልተብላላ ይሰነጠቃል። ቀናት አልነበሩኝም። ትልቋን ምራቴን «እንዴት ይሻላል?» አልኳት። ምክር ስጠይቃት የመጀመሪያዬ ነበር።

«ለዶሮዎቹ ቤት ያቦካሁት አለ፤ ሳምንት ሆኖታል» አለች። «ግን አባባ፣ የዶሮ ጭቃ ነው ብለው ይቆጡ ይሆናል።»

«ዶሮዎቹ ይታገሡ» አልኩ።

ትልቋ ከአልጋው ጀመረች፣ ትንሿ ቀጠለች፣ ባለቤቴ መታጠፊያውን ያዘች። በሩ አጠገብ ያለውን እኔ መረግሁ። በእኛ አገር ምርጊት የሴት ሥራ ነው፤ ባለቤቴ «መጽሐፉ ስለዚህስ ምን ይላል?» እያለች ሳቀችብኝ። አቧራው ውስጥ የመስኮቱ ብርሃን ተንጠልጥሎ ነበር፤ ከሩቅ ያ ሳጥን ይጎተታል፤ የአራታችን እጅ ጭቃ ላይ ይሄዳል። 

ቅዳሜ ነጋዴው አህያውን ደጅ አቁሞ «እማማ፣ ይውጡ እንጂ» አለ። እናቴ ተነስታ ግድግዳውን ነካች። ጭቃው ገና እርጥብ ነበር።

«ይቺ ትልቋ ናት» አለች። ጥቂት ሄደች። «ይቺ ትንሿ፤ ቸኩላለች።» ታጠፈች። በሩ አጠገብ ስትደርስ እጇ ቆመ። «ይሄስ የማን ነው? ግመል የተንከባለለበት ይመስላል።»

«የእኔ ነው» አልኩ።

ይቅርታ የሚለውን ቃል ለልጆቼ አስተምሬያለሁ፤ ያን ቀን ከአፌ አልወጣም። እሷም አልጠበቀችውም። መዳፏን እዚያው ላይ ትንሽ አቆየች።

«እንግዲያ በሩ እዚህ ነው» አለችና ማንም ሳይዛት ወጣች። ነጋዴውን «ልጄን ሰላም በልልኝ፤ መንገዱ ሲከፈት ኢንሻ አላህ እሷ ትምጣ» ስትለው ከውስጥ ሰማኋት።