ሶፍትዌሩ ያጠፋቸው አርባ ሦስት መስመሮች

ስሟን የሚያውቁት የሰው ኃይል ክፍሉና ባሏ ብቻ ናቸው። ሌሎቻችን «እትዬ መስመር» እንላታለን፤ እሷም አቤት ትላለች። አሳንሰር በሚተክልና በሚጠግን ድርጅት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሥዕል ስትሥል ኖራለች። ሥዕል ስላችሁ የአበባና የፈረስ እንዳይመስላችሁ። ሞተሩ አንድ ሣጥን፣ ፍሬኑ አንድ ሣጥን፣ በሩ አንድ ሣጥን፣ ከሣጥን ወደ ሣጥን የሚሄድ መስመር፤ አለቀ። ያ ሥዕል በፕላስቲክ ይለበጥና በየሕንፃው የሞተር ክፍል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እኔን የመሰሉ ጠጋኞች እሱን እያየን ነው የምንፈታውና የምንገጥመው።

ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የእሷን ሥዕል ሳነብ ኖሬአለሁ። ሃምሳ ደፍኜም «አንተ ልጅ» ነው የምትለኝ። በስድስት ዓመት ብትበልጠኝ የወለደችኝ ነው የሚመስላት።

ስትቀጠር ሥራው በብረት ማስመሪያና በቀለም ነበር። አንዲት ጠብታ ከፈሰሰች ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ከሀ ይጀመራል። ከዚያ የመጣባት ይሁን አብሯት የተወለደ አላውቅም፣ የተንጋደደ ነገር ማየት አትችልም። ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ «የሠርግ ፎቶአችን ግድግዳው ላይ ዘንበል ካለ ምሳ አይቀርብም» ይላል። እኔ ደግሞ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ፦ አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ የሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ያለውን የስኳር ዕቃ ተነሥታ አስተካክላ ተመለሰች። ሰውየው ገና ስኳሩን እየጨመረ ነበር።

ኋላ ኮምፒውተር መጣ፤ እሱን ተከትሎ «ሞዴል» የሚሉት ነገር መጣ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። የአንድ ሕንፃ አሳንሰር ዕቃ በሙሉ በየስሙ በጽሑፍ ይመዘገባል፤ ባትሪው ለማን ኃይል ይሰጣል፣ ፍሬኑን ማን ያዘዋል፣ ሁሉም በጽሑፍ። ሶፍትዌሩ ያንን ጽሑፍ አንብቦ ሣጥንና መስመር አድርጎ ይሥለዋል። አሮጌው ሶፍትዌር ታዲያ ሲሥል ዓይን የሚያወጣ ነበር። መስመር በመስመር ላይ ይወጣል፣ ሣጥኑ ሣጥን ላይ ይቀመጣል። የእትዬ መስመር ሥራ እሱን ማስተካከል ነበር። ሣጥኖቹን በማውስ እየጎተተች በየቦታቸው ታስቀምጣለች፤ የሞተር ክፍሉ ከላይ፣ ጉድጓዱ ከታች፣ ልክ እንደ ሕንፃው። ጽሑፉ ውስጥ የጎደለ ነገር ስታገኝ ደግሞ በእጇ መስመር ትጨምርበታለች። ጽሑፉን የሚያርሙት ኢንጂነሮች ናቸው፤ እነሱን ለምኖ ማሳረም ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ በእጅ ማስመር ግን ሦስት ሰከንድ ነው። ሁላችንም ይህንን እናውቅ ነበር። ማንም ክፉ ነገር አላየበትም።

ባለፈው ዓመት አፕዴት የሚሉት፣ የሶፍትዌሩ ማሻሻያ፣ መጣ። ኢንጂነሩ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው ነው፣ ጠዋት ጫነው። አዲሱ ሶፍትዌር ሣጥኖቹን ራሱ ይደረድራል፣ መስመሮቹን ራሱ ያጣጥፋል፤ ጽሑፉ ውስጥ የሌለ ነገር ግን አይሥልም። ሥራውን ሲጨርስ አንዲት ማስታወቂያ አወጣ፦ «በሞዴሉ ውስጥ ያልተገኙ አርባ ሦስት መስመሮች ተወግደዋል።»

እትዬ መስመር መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና መልሳ አደረገችው። «አንብብልኝ እስቲ፤ ምን ተወግደዋል ነው የሚለው?»

«በእጅዎ የጨመሯቸውን ነው እትዬ» አለ ኢንጂነሩ። «ጽሑፉ ላይ የሉም፤ ስለዚህ ለሶፍትዌሩ የሉም።»

«ጉድጓዱስ? ጉድጓዱ ለምንድን ነው ጣሪያ ላይ የወጣው?»

«እሱን በትእዛዝ ማውረድ ይቻላል።»

«ውኃ ሲሞላው ያን ጊዜ ታዙታላችሁ» አለችው። ሳቅን።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ አስጠራት። ሥዕሎቹን ለመውሰድ እዚያው ነበርኩና ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ችግሩ ክፉ ነገር ሲናገርም በትሕትና መናገሩ ነው። ሶፍትዌሩ ራሱ የሚሥል ከሆነ የሥዕል ጠረጴዛው ከእንግዲህ ምን ይሠራል፣ ጡረታዎ ሁለት ዓመት ነው የቀረው፣ መዝገብ ቤት ጸጥ ያለ ቦታ ነው አላት። ይህን ሁሉ ቻለችው። ያንገበገባት ቀጥሎ የተናገረው ነው፦ «ደግሞ እትዬ፣ ሞዴሉ ውስጥ የሌለ መስመር… እንግዲህ… ሐሰት ነው ማለት ነው።»

«ምን አልከኝ?» ለሥራ አስኪያጅ «አንተ» ስትል ሰምቼ አላውቅም። «አርባ ሦስቱም ሕንፃዎቹ ውስጥ አሉ! ሂዱና እዩ። አንዲቷ ሐሰት ሆና ከተገኘች ጠረጴዛውን ራሴ እለቃለሁ። እውነት ከሆኑ ግን ጠረጴዛዬን የሚነካብኝ የለም።»

እሱም ተስማማ። አሥራ ስድስት ሕንፃ ነው፤ መስመሮቹን በዝርዝር ይዞ እየዞረ የሚያጣራ ሰው ተፈለገ፤ ማን ይሆናል? ያው እኔ።

ዘጠኝ ቀን ዞርኩ። መሰላል ወጣሁ፣ ጉድጓድ ወረድኩ፣ ክዳን ፈታሁ፣ ሽቦ በሽቦ ተከተልኩ። ያገኘሁትን ራይት አደርጋለሁ፣ ማታ ማታ እደውልላታለሁ። «ሠላሳ አንድ» ስላት «ቀጥል»፣ «ሠላሳ ስምንት» ስላት «ቀጥል»። አርባ ሁለት ስላት «ሳሎን ውስጥ እየተንጎራደደች ነው፣ ምንጣፉን ፈጀችው» አለኝ ባሏ ከኋላ። እውነቱን ለመናገር እኔም ኮርቻለሁ። ወይ እትዬ መስመር! ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት አልሳተችም፣ እል ነበር።

አርባ ሦስተኛዋ ያለችው ስምንት ፎቅ ባለው የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ነው። መስመሯ ከመጠባበቂያ ባትሪው ወደ አሳንሰሩ የአደጋ ደወል ትሄዳለች። መብራት ጠፍቶ አሳንሰሩ መሐል ላይ ቢቆም፣ ውስጥ ያለው ሰው ደወሉን ሲጫን ከባትሪው ኃይል አግኝቶ ይጮኻል ማለት ነው። ደወሉን ተጫንኩት፤ ጮኸ። ራይት ላደርግ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ከዚያ እስከዛሬ ያላደረግኩትን አደረግኩ፤ መብራቱን አጥፍቼ እንደገና ተጫንኩት።

ጸጥ።

ደግሜ ተጫንኩ። ጸጥ። ባትሪው ጋ ወጥቼ ሽቦውን ፈለግኩ። ምን ሽቦ አለና! «ካላየሁት ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብዬ ልምልላችሁ አልችልም፤ የሌለ ነገር አይታይም።

ስወርድ አንዲት ባለ ከዘራ እናት አሳንሰሩ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ሰባተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። «ደወሉን ነው የምትሞክረው ልጄ?» አሉኝ። «መብራት ሲጠፋ እኮ አይጮኽም። ሁሌም እንደዚሁ ነው። እኔ በከዘራዬ በሩን እደበድባለሁ፤ አንድ ሰው መስማቱ አይቀርም። ባለፈው ግን በዓል ነበርና ሰው አልነበረም፤ አንድ ሰዓት ተኩል ቆየሁ።» ወቀሳ አይመስልም ነበር። አሳንሰር ሲባል እንደዚህ ነው ብለው ነው የኖሩት።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አሥራ አንድ ዓመት፣ ይህንን አሳንሰር የምፈትሸው እኔ ነኝ። ሥዕሉ ላይ መስመሯን አያለሁ፣ ደወሉን እጫናለሁ፣ ይጮኻል፣ ራይት። ሃያ ሁለት ጊዜ። መብራቱን አጥፍቶ መሞከር ደንቡ ነው፤ ግን እትዬ መስመር ያሰመረችውን ማን ይጠራጠራል?

የሞተር ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ ደወልኩላት።

«እትዬ፣ አርባ ሦስተኛዋ የለችም።»

የሕንፃውን ስም ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «አስታወስኩ» አለች። «ያኔ ጽሑፉ ላይ አልነበረም። ሌሎቹ ሁሉ ስላላቸው ይኖረዋል ብዬ አሰመርኩት። ኢንጂነሮቹን እጠይቃለሁ ብዬ ረሳሁት።»

«ስሚኝማ» አልኳት። «ወደ አሳንሰሩ የሚወርደው የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ ትርፍ ሽቦ አለ። ሁለቱን ጫፍ ማገናኘት ብቻ ነው፤ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። አገናኘዋለሁ፣ ራይት አደርጋለሁ፣ ሆድ ይፍጀው። አርባ ሦስት ከአርባ ሦስት። ሐሰትም አይሆንም፤ ሽቦው ይኖራላ!»

ለእሷ ያዘንኩላት ይመስላል አይደል? ግማሹ ለራሴ ነበር። ሃያ ሁለት ራይት አለብኝ።

«ሕንፃው ውስጥ ያገኘኸው ሰው አለ?» አለችኝ። ስለ አስተማሪዋ ነገርኳት። ስለ ከዘራው ነገርኳት። ስለ አንድ ሰዓት ተኩሉ መናገር አልፈለግሁም ነበር፤ አመለጠኝ።



«ሽቦውን አሁኑኑ አገናኝ» አለች። «ሴትዮዋን እዚያ ትተህ እኔን ልታማክር ትደውላለህ? መብራቱን አጥፍተህ ሞክር፤ ሦስት ጊዜ። ዝርዝሩ ላይ ግን ኤክስ አድርግ። ‹አልነበረም› ብለህ ጻፍ።»

«እትዬ፣ ጠረጴዛውስ?»

«ስለ ጠረጴዛ ጠየቅኩህ?» ብላ ዘጋችው።

ሽቦውን አገናኘሁ፤ ደወሉ በጨለማ ጮኸ። ኤክስ ለማድረግ ግን ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ፊት ዝርዝሩን አስቀመጠች፤ ጠርዙን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክላ። «አርባ ሁለቱ አሉ። አንዷ አልነበረችም። ያሰመርኳት እኔ ነኝ።» እኔም «ራይት ያደረግኩት እኔ ነኝ» አልኩ፤ ድምፄ ግን እንደ እሷ ቀጥ አላለም። ሰውየው ዝርዝሩን አይቶ እኛን አየ። እውነትም ክፉ አይደለም። «እትዬ፣ ሰው ይሳሳታል» አለ። «ከአርባ ሦስት አንድ ምን አላት? ጠረጴዛው ይቆይልዎት።»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» አለችው። «ጠረጴዛውን እለቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ፍቀዱልኝ፤ አርባ ሦስቱንም ሞዴሉ ውስጥ የምጽፋቸው እኔ ልሁን።»

ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ያንሰኛል፤ አልተከራከርኩም።

ሁለት ቀን ጻፈች። ኢንጂነሩ አጠገቧ ቁጭ ብሎ አጻጻፉን አሳያት። አንድ ዐረፍተ ነገር በጻፈች ቁጥር ሶፍትዌሩ ሣጥኖቹን አተራምሶ ይደረድርና አዲሷን መስመር ይሥላል። የደወሉን መጨረሻ ላይ አስቀረቻት። ስትጽፋት መስመሯ ከባትሪው ተነሥታ፣ ሦስት ሣጥን ዞራ፣ ሁለት ጊዜ ታጥፋ፣ ከታች በኩል ደወሉ ጋ ደረሰች። አስቀያሚ ነበረች። የእትዬ መስመር እጅ ወደ ማውሱ ሄደ፤ ሁላችንም አየነው።

«ላስተካክላት እትዬ?» አለ ኢንጂነሩ። «በአንድ ትእዛዝ ቀጥ ትላለች።»

«ሽቦው አለ?» ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«አለ።»

«ተዋት እንግዲያ» አለችው። ከመሳቢያዋ የብረት ማስመሪያዋን አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና መዝገብ ቤት ወረደች።

ይህ ከሆነ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ በዚያ ሰፈር መብራት ጠፋና አሳንሰሩ አራተኛና አምስተኛ ፎቅ መሐል ቆመ። የተጠራሁት እኔ ነኝ። ደረጃውን ስወጣ ደወሉ ይጮኻል፤ ከሥር ደግሞ ሌላ ድምፅ ይሰማኛል፣ ጓ፣ ጓ፣ ጓ። በሩን ስከፍተው አስተማሪዋ ናቸው። ባንድ እጃቸው ደወሉን ተጭነው፣ በሌላው በከዘራቸው በሩን ይደበድባሉ። «ደወሉ እኮ ይሰማል እናቴ» ብላቸው «እሱን ማን ያምናል!» አሉኝ።

መዝገብ ቤት ወርጄ ለእትዬ መስመር እየሳቅኩ ነገርኳት። አልሳቀችም። የያዘችውን ፋይል መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። ፋይሉ ዘንበል ብሎ ነበር፤ አላስተካከለችውም።

«አሥራ አንድ ዓመት አልጮኸላቸውማ» አለች።